ሲስተር አይደለሁም

ዱንያ የአቶ ደግፌን ክንድ በግፊት መለኪያው ጨርቅ ጠቅልላ ጎማውን እየጨመቀች ሳለ ከጀርባዋ ድምፅ መጣ።

"ሲስተር፣ አዋን ውሃ ላጠጣው ወይ?"

"ሲስተር አይደለሁም፤ ዱንያ በዪኝ ብዬሽ የለ፣ ዓመለወርቅ!" አለች ዓይኗን ከመለኪያው ሳትነቅል። "ውሃ ያንቃቸዋል። ከንፈራቸውን ብቻ በጥጥ አርጥቢላቸው።"

ዓመለወርቅ የበሽተኛው ልጅ ናት። አባቷን በወላይትኛ "አዋ" ትላቸዋለች። ዱንያ ወላይትኛ ብትችልም ነጭ ጋውን ለለበሰ ሰው በአማርኛ ነው የምትናገረው፤ አማርኛዋ የገበያ አማርኛ ስለሆነ ሴቱንም ወንዱንም "አንተ" እያለች ነው የምታናግረው። አሥራ አራት ቀን ሙሉ ከዚህ አልጋ ሥር ካርቶን አንጥፋ ተኝታለች።

"ስንት ነው?" አለች።

"ሰባ በአርባ።"

"ጥሩ ነው?"

ዱንያ የመለኪያውን ጨርቅ ፈታች። "ትንሽ ዝቅ ብሏል" አለች በመጨረሻ። ትንሽ አልነበረም። ግን አሥራ አራት ቀን ካርቶን ላይ ለተኛች ልጅ ምን ይባላል?

ይህን "ሲስተር አይደለሁም" የሚሉትን ነገር በሁለት ዓመት ውስጥ ስንት ጊዜ እንደተናገረችው ቁጥር የለውም። ወደ ዶክተር ጉልላት የሕክምና ማዕከል በመጣች በመጀመሪያው ሳምንት አንድ አስታማሚ "ሲስተር!" ብሎ ሲጣራ ደስ ብሏት "አቤት" ብላ ዞረች። የተኝቶ ታካሚዎች ክፍል ኃላፊዋ ሲስተር ትርሐስ ይህን ሰምታ በአሥራ ሁለት አልጋ ፊት፣ "ሲስተር የሚባለው የተመረቀ ነው። አንቺ ሰዓት ልትሞዪ የመጣሽ ተማሪ ነሽ። ስምሽን ንገሪያቸው" አለቻት። ዱንያ ያን ቀን መሬት ተከፍቶ ቢውጣት ትመርጥ ነበር። ከዚያ ወዲህ ማንም ሲስተር ሲላት ምላሷ ቀድሞ ያርማል።

ሰዓት የሚሉት ነገር እንዲህ ነው። ዱንያ የግል ኮሌጅ የጤና ሳይንስ ተማሪ ናት። ኮሌጁ የመጀመሪያውን ሁለት ዓመት ሁሉንም በአንድ ላይ ያስተምርና ወደ ጤና መኮንን ክፍል የሚያሳልፈው ጥቂቱን ብቻ ነው። ጤና መኮንን ዶክተር በማይደርስበት ጤና ጣቢያ ተቀምጦ በሽተኛ ይመረምራል፣ መድኃኒት ያዛል፣ ሌሊት ምጥ ከመጣም ይነሳል። ዱንያ ከልጅነቷ የምትመኘው ይህንኑ ነው። ለማመልከት ታዲያ ነጥብ ብቻ አይበቃም። ሁለት ሺህ ሰዓት ከበሽተኛ ጎን መቆም፣ የቆሙበትን በየቀኑ በካርድ ማስፈረም፣ በመጨረሻም የማዕከሉን ባለቤት ማኅተም ማስመታት ያስፈልጋል። ደመወዝ የለውም፣ የባጃጅ እንኳ አይሰጥም። ሽንት ደፍታለች፣ አንሶላ ቀይራለች፣ ቁስል አጥባለች፣ ስንት ሰው ትውከቱን ጋውኗ ላይ ደፍቶባታል። ይህን ሁሉ ያደረገችው ለአንዲት ሰማያዊ ካርድ ነው።

ካርዷ ጋውኗ ኪስ ውስጥ አለች፤ ጠርዟ ተልጦ በቁስል ፕላስተር ተለጥፏል። እስከ ትናንት ማታ አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ ዘጠና አራት ሰዓት ሞልቶባታል። ዛሬ ማመልከቻ የሚዘጋበት ቀን ነው። ዱንያ ከጧቱ ሁለት ሰዓት እስከ ስምንት ከቆመች ሁለት ሺህ ይሞላል፤ ዶክተር ጉልላት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወደ አዲስ አበባ ከመሄዳቸው በፊት ያትሙላታል፤ እሷም የኮሌጁ ሬጅስትራር አሥራ አንድ ሰዓት ሳይዘጋ ትደርሳለች። ጥር ላይ ወባ አሥራ ሰባት ቀን ባይጥላት ኖሮ እንዲህ ጫፍ ላይ ባልተንጠለጠለች። ወባ ግን ካርድ አያውቅም።

ቤት ደግሞ ነገሩ አልቋል። አባቷ አብዱልመጂድ እዚሁ ሶዶ መርካቶ ሰፈር ሳሙናና ዘይት በጅምላ የሚሸጡ ነጋዴ ናቸው። ክፉ ሰው አይደሉም፤ እንዲያውም ሰው ሁሉ "ሴት ልጅ የበሽተኛ ሽንት ስትደፋ ዝም ትላለህ?" ሲላቸው ዝም ብለው ነው ሁለት ዓመት የከፈሉላት። ባለፈው ዓመት ግን ዱንያ ሰዓቷ ጎድሎ አልተቀበሏትም። ዘንድሮ ታናሽ እህቷ ሰልሳቢል አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሳ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ነጥብ አጣች። አባት ሁለቱን አስቀምጠው፣ "ለሁለት ኮሌጅ አቅም የለኝም። ዱንያ፣ ዘንድሮ ከገባሽ እሰየው፣ እህትሽ ትጠብቃለች። ካልገባሽ ተራው የእሷ ነው፤ አንቺ ሱቅ ትገቢያለሽ" አሉ። ፍርዱ እውነት ነው፤ ዱንያን ያንገበገባትም እውነት መሆኑ ነበር።

ይህን ሁሉ አቶ ደግፌ ያውቃሉ። ጉበታቸው ሆዳቸውን እንደ ከበሮ ነፍቶት፣ ዓይናቸው ቢጫ ሆኖ፣ ጧት ጧት ግን ዱንያን ሲያዩ፣ "ስንት ቀረሽ?" ይሏታል። ሃምሳ፣ አርባ፣ ሃያ ሁለት ስትላቸው በጣታቸው እየቆጠሩ ሰነበቱ።

"ስትጨርሺ እኛ አገር ዲምቱ ጤና ጣቢያ ይመድቡሽና የቦይና ጎደሬ ቀቅዬ አበላሻለሁ" ይሏታል።

"እርስዎ ነዎት የሚቀቅሉት?"

"ሚስት ከሞተች ወዲያ ማን ይቀቅላል? እኔ ነኝ!"

ትናንት ማታ ከመውጣቷ በፊትም ጠይቀዋት ነበር። ድምፃቸው ከጉሮሯቸው አልወጣ ብሎ በከንፈራቸው ነው የጠየቁት።

"ስድስት፣ አባባ።"

"ስድስትማ ምን አላት!" አሉ። "አብረን እንጨርሳታለን።"

ዛሬ ጧት አልጠየቋትም።

ዶክተር ጉልላት ለቤተሰቡ ትናንት በግልጽ ነግረዋቸዋል። ከዚህ በላይ እዚህ የሚደረግ የለም፤ ወይ ሪፈር ተጽፎ ሐዋሳ ይሄዳሉ፣ ወይ ቤታቸው ገብተው ይረፉ። ልጃቸው ፀጋአብ በዴሳ ከተማ ላይ በሞተር ሰው እያመላለሰ የሚኖር ሰው ነው። ሞተሩን ሸጦ ነው እዚህ ድረስ ያሳከመው። "ሐዋሳ በምን?" አለ። በፈቃዳችን እናወጣለን የሚለው ወረቀት ላይ ፈረመና ዛሬ በማለዳ መኪና ፍለጋ መናኸሪያ ወረደ።

መኪናው መፍጠን ነበረበት። ከገጠር በሽተኛ ያመጣ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው፤ ትንፋሽ ያለው ሰው በሚኒባስ ተደግፎ ይሄዳል፣ እሱ መንገደኛ ነው። ሬሳ ከሆነ ግን ሌላ መኪና፣ ሌላ ወረቀት፣ ሌላ ዋጋ ነው። ተራ ሹፌር አይጭነውም፤ ሬሳ የጫነ መኪና ላይ ነገ ማን ይሳፈራል? ስለዚህ ሰው በቤቱ እንዲሞት ከተፈለገ ሳይሞት ማውጣት ነው። ከሞቱ አሟሟቱ ይባል የለ፣ እዚህ ሲደርስ ደግሞ ከአሟሟቱ መጓጓዣው ሆነ።

አራት ሰዓት ከሃያ ላይ ዱንያ ትራሳቸውን ልታስተካክል ጎንበስ አለች። አንገታቸውን በእጇ ስትደግፍ ክብደቱ ሌላ ሆነባት። ቆመች። ሁለት ጣቷን ከመንጋጋቸው ሥር አደረገች፤ ጠበቀች። ወደ አንጓቸው ወረደች፤ ጠበቀች። የራሷ ልብ እየመታ አሳሳታት እንጂ ከእሳቸው በኩል ምንም አልነበረም። በልቧ "ኢና ሊላሂ" አለች። ሞት ስታይ የመጀመሪያዋ አይደለም፤ ይኼኛው ግን በጣቱ ሰዓቷን ይቆጥርላት የነበረ ሰው ነው።

ቀና ስትል ዓመለወርቅ ፊቷን እያየች ነው።

"አትናገር" አለች ዓመለወርቅ በሹክሹክታ።

"ዓመለወርቅ…"

"ወንድሜ መኪና ይዞ መጣ፣ ታች ነው ያለው፣ አሁን ደወለ። አንተ ጥሩ ልጅ ነህ፤ አትናገር። ከተናገርክ አባቴን እዚያ ቀዝቃዛ ክፍል ይከቱታል። በምን እናወጣዋለን? ምንም የለንም እኮ። ምንም!"

ልጅቷ አላለቀሰችም። ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ ነከሰችው።

ደንቡ ግልጽ ነው፤ ዱንያ ሲስተር ትርሐስን መጥራት፣ ሲስተር ዶክተሩን መጥራት፣ ዶክተሩም ወረቀት መጻፍ ነበረባቸው። ዱንያ ግን የአቶ ደግፌን ዓይን በመዳፏ ከደነች፣ ብርድ ልብሱን እስከ ደረታቸው ሳበች፣ የግሉኮሱን መቆጣጠሪያ ዘጋች፣ ከረጢቱን ግን ከተሰቀለበት አላወረደችም። ከዚያ ከአልጋው እግር ላይ የተንጠለጠለውን ሰንጠረዥ አነሳችና ጻፈች፤ አራት ከሃያ አምስት፣ የልብ ምት ሃምሳ አራት። በአንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ ዘጠና ስድስት ሰዓት ውስጥ የጻፈችው የመጀመሪያው ውሸት ነው።

ፀጋአብ እየሮጠ ገባ። እህቱን አየ፣ አባቱን አየ፣ ገባው። "ቃሬዛ" ብቻ አለ።

በዚህ መሃል ሲስተር ትርሐስ የመውጫ ወረቀቱን ይዛ መጣች። ሃያ ዓመት በዚህ ሙያ የኖረች፣ ከመቀሌ ተነስታ ስንት ከተማ ዞራ ሶዶ የቀረች ሴት ናት፤ ማንም አያታልላትም። ሰንጠረዡን አነበበች። ከብርድ ልብሱ የወጣውን የአቶ ደግፌን እግር በእጇ ያዘችና ትንሽ ቆየች። ዱንያ አሁን አለቀልኝ ብላ ጠበቀች።

"የግሉኮሱ ካኑላ እጃቸው ላይ ይቆይ" አለች ሲስተር ትርሐስ እግሩን መልሳ እየሸፈነች። "ዱንያ፣ ግሉኮሱን ከፍ አድርገሽ ያዢና እስከ በር ሸኚያቸው።"

"እሺ።"

"እስከ በር ነው ያልኩሽ። ከበር ውጭ ያለ ሰዓት እኔ ጋ አይቆጠርም። ያልቆምሽበትን አልፈርምም፣ ታውቂኛለሽ።"

"አውቃለሁ፣ ሲስተር።"

ከበሩ ውጭ ሚኒባሱ ሞተሩ ሳይጠፋ ቆሟል። ሹፌሩ ማቲ የሚባል፣ የዘንባባ ሥዕል ያለበት ሸሚዝ የለበሰ፣ ጥርሱን በእንጨት የሚጎረጉር ሰው ነው። ቃሬዛው ሲቀርብ ወደ አቶ ደግፌ አላየም፤ ያየው የዱንያን ነጭ ጋውን ነው።

"ባለሙያ አብራ ትሄዳለች አይደል?" አለ።

"እስከዚህ ነው የምትሸኘን" አለ ፀጋአብ።

"እንግዲያው አልጭንም። የእኔ ወንድም፣ በሽተኛ ነው ብለኸኛል። በሽተኛ ከሆነ ሲስተር ይዛው ትሄዳለች። ካልሆነ ደግሞ ሌላ መኪና ፈልግ፤ መንገድ ላይ ሰው ቢያየኝ ምን እላለሁ?"

ፀጋአብ ወደ ዱንያ ዞረ። ትልቅ ሰው ነው፣ ጢሙ ውስጥ ሽበት ጣል ጣል ብሎበታል። "እህቴ" አለ። "በእግዚአብሔር ስም። እስከ ቤቱ ብቻ። እኔ እዚህ በር ላይ አባቴን ይዤ ምን ልሁን?"

ዱንያ ስልኳን አየች። አራት ከአርባ። ዲምቱ አንድ ሰዓት ተኩል ቢፈጅ ነው፤ ቶሎ ከተመለሰች ስምንት ሰዓት ሳይሞላ እዚሁ ናት። ዶክተሩ እስከ ዘጠኝ አሉ። ሲስተር ትርሐስ ጨካኝ አይደለችም፤ አሁን የአስከሬን እግር ይዛ ዝም ያለች ሴት ለሦስት ሰዓት ትጨክንብኛለች? ሰው የፈለገውን ሲያሰላ ሒሳቡ ሁልጊዜ ይገጥማል። ከረጢቱን እንደያዘች ገባች።

አቶ ደግፌን በመካከለኛው ወንበር ላይ አስቀመጧቸው፤ በአንድ በኩል ፀጋአብ፣ በሌላ በኩል ዓመለወርቅ። ጋቢያቸውን እስከ አገጫቸው ጠቀለሏቸው፣ ቆባቸውን አጠለቁላቸው። ዱንያ ከኋላቸው ተቀምጣ ከረጢቱን ጣሪያው ላይ ካለው መያዣ ጋር አነሳች። የማይወርድ ግሉኮስ መያዝ ከሚወርደው ይልቅ ክንድ ያዝላል።

ሶዶን ወጥተው ቁልቁል ወረዱ። ዓመለወርቅ የአባቷን እጅ ይዛለች። እጁ እየቀዘቀዘ ሲሄድ በሁለት መዳፏ ታሸዋለች፣ ትንፋሿን እፍ ትልበታለች። ዱንያ ይህን እያየች ፊቷን ወደ መስኮት አዞረች፤ እንባዋ መጣ፣ በትከሻዋ ጠረገችው፣ እጇ ሥራ ላይ ነበርና።

በዴሳ ሲደርሱ ገበያ ነው። ወይ ቀን መምረጥ! በሬው፣ ፍየሉ፣ በቆሎ የጫነው ጋሪ መንገዱን ዘግቶታል፤ ሞተረኛው በዚያ መሃል ይሹለከለካል። ማቲ ጥሩምባውን ቢነፋ የሚሰማው የለም። ቆሙ። አሥር ደቂቃ፣ ሃያ፣ ሠላሳ። ዱንያ ስልኳን ሰዓት ለማየት እንኳ አልደፈረችም።

አንድ ሽማግሌ ዳማ በሬ እየጎተቱ መጥተው በመስኮቱ አንገታቸውን አስገቡ። ፀጋአብን አይተው ነው።

"ሳሮ፣ ደግፌ!" አሉ በደስታ። "ወጣህ እንዴ? ተመስገን!"

ፀጋአብ የአባቱን ቆብ ወደ ግንባሩ ዝቅ አደረገ። ዓመለወርቅ አንገቷን ደፋች። ሽማግሌው ወደ አቶ ደግፌ ይበልጥ ሲጠጉ ዱንያ ሶዶ ተወልዳ ያደገች ናትና በወላይትኛ ቶሎ ብላ መለሰች።

"ተኝተዋል፣ አባባ። መድኃኒት ወስደው ነው።"

"አይ፣ ይተኛ፣ ይተኛ" አሉ ሽማግሌው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "አንቺ ሐኪሟ ነሽ? ተባረኪ። ሲነቃ ንገሪው፤ ላምቤቦ በሬህን አልሸጠም በይው። ለሕክምናዬ ሽጥልኝ ብሎኝ ሁለት ገበያ አወጣሁት፤ ዋጋ የሚሰጥ ጠፋ። ዛሬም እየመለስኩት ነው። ድኖ ራሱ ያርስበታል በይው።"

"እነግራቸዋለሁ።"

"እንዳትረሺ።"

"አልረሳም።"

ሽማግሌው በሬውን እየጎተቱ ሄዱ። ማቲ በመስታወቱ ወደ ኋላ አየና ጥርሱን መጎርጎሩን ተወ። ከዚያ በኋላ ጥሩምባ አልነፋም፤ ሲከፈትላቸው ሄዱ።

የአቶ ደግፌ ቤት ከዲምቱ ወጣ ብሎ፣ ከአስፋልቱ በኮረኮንች ሩብ ሰዓት የሚያስኬድ ነው። እንሰቱ ከግቢው ጀርባ ቆሟል። ሚኒባሱ ወደ ግቢው ሲታጠፍ ሴቶች ከየጓዳው ብቅ ብቅ አሉ፤ በሽተኛ መጣ ብለው ውሃ ሊያቀርቡ የሚሯሯጡም ነበሩ። ሞተሩ ጠፋ።

ዓመለወርቅ ወደ ኋላ ዞራ ዱንያን አየቻት። ዓይኗ ቀልቷል፣ ነጠላዋ አሁንም አፏ ላይ ነው።

"አሁን ላለቅስ?" አለች።

ዱንያ ይህን የሚያክል ጥያቄ ማንም ጠይቋት አያውቅም። ካርዱ ላይ ለዚህ መስመር የለም። ካኑላውን ከአቶ ደግፌ እጅ በቀስታ ነቀለች፣ ጥጥ አደረገችበት፣ በፕላስተር ለጠፈችው፤ ልክ ነገ እንደሚነሱ ሰው።

"አልቅሺ" አለቻት።

ዓመለወርቅ ጮኸች። ከሁለት ሰዓት ተኩል በላይ በነጠላ የታፈነው ድምፅ አንዴ ሲወጣ ግቢው ሁሉ ተቀበለው፤ ውሃ የያዙት ሴቶች ጣሳውን ጥለው ደረታቸውን ያዙ። ፀጋአብ አባቱን አቅፎ አወረደ። ዱንያም በሚኒባሱ ደረጃ ላይ ተቀምጣ፣ ባዶ እጇን ጭኗ ላይ ጥላ፣ አለቀሰች። የምታለቅሰው ለአቶ ደግፌ ይሁን ለራሷ አላወቀችም፤ መለየትም አልፈለገች።

ሰባት ሰዓት ተኩል ሊሆን ሲል ለሲስተር ትርሐስ ደወለች።

"ደረሳችሁ?" አለች ሲስተር።

"ደርሰናል። ሲስተር፣ አሁኑኑ እነሳለሁ። ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ እደርሳለሁ። ዶክተር ትንሽ ቢጠብቁኝ…"

ሲስተር ትርሐስ አላስጨረሰቻትም።

"ዶክተር ሄዷል፣ ዱንያ። ሰባት ሰዓት ላይ ነው የወጣው፤ በረራው ተቀየረበት። ቆይተሽም ቢሆን አትደርሺም ነበር።"

እውነት ይሁን ዱንያ እንዳይቆጫት የተባለ ይሁን ምን ይታወቃል? ሲስተር ትርሐስ ዋሽታ አታውቅም። ዛሬ ግን ከዱንያ ጋር አንድ ሬሳ በሕይወት አስወጥታለች።

"ማኅተሙስ?"

"ከእሱ ጋር ነው። በአምስት ቀን ይመለሳል።"

"ዛሬ ነው እኮ የሚዘጋው።"

"አውቃለሁ" አለች ሲስተር ትርሐስ። ድምፇ ሻከረ። "ዛሬ የቆምሽውን ሁለት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ መዝገቤ ላይ ፈርሜልሻለሁ። ካርድሽን ስታመጪ እሞላልሻለሁ።"

ሁለት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ! ዱንያ ልትስቅ ምንም አልቀራትም። ሦስት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ጎደላት ማለት ነው፤ ለአቶ ደግፌ ስትል ደርሶ መልስ መንገድ ላይ የምታጠፋው ጊዜ ከዚህ አያንስም።

ከመሄዷ በፊት ፀጋአብ ከለቅሶው ወጥቶ መጣ። አንድ እጅ ቦይና በእንሰት ቅጠል ጠቅልሎ ሰጣት። "የምሰጥሽ የለኝም" አለ። "አባቴ ለሐኪሟ ብሎ ያስቀመጠው ነው፤ ሰሞኑን ከአልጋው ሆኖ ደውሎ ከጓሮ አስወጥቶት ነው። ትመጣለች ብሎ።" ዱንያ ተቀበለች። የበሬውን ነገር ነገረችው። "ላምቤቦ በሬውን አልሸጠም" አለችው፣ "ንገሪው ብለውኝ ነው።" ፀጋአብ ራሱን ነቀነቀ፤ ከዚያ በሬው ለተዝካሩ ይሆናል ብሎ ተመለሰ።

ወደ ሶዶ ሲመለሱ ዱንያ ከሹፌሩ ጎን ተቀመጠች። ዲምቱን እንዳለፉ ስልኳ ጮኸ፤ አባቷ ናቸው።

"ታተመ?"

"አልታተመም፣ አባ።"

አብዱልመጂድ አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻላት ነበር። ሱቁ ውስጥ ሰው ዘይት ሲጠይቅ ይሰማል፤ "ቆይ" አሉት። ከዚያም፣ "አላህ ያላለው አይሆንም፣ ልጄ። ነገ ሰልሳቢልን ላስመዝግብ። አንቺ ጧት ሱቅ ነይ" አሉ።

"እሺ፣ አባ።"

"በልተሻል?"

"በልቻለሁ" አለች፤ አልበላችም። ስልኩ ተዘጋ። ዱንያ ስለ ሰልሳቢል አሰበች፤ አሁን ይህን ስትሰማ ደስ ይላታል፣ ደስታዋንም ከእህቷ ለመደበቅ ስትል ማዕድ ቤት ትገባለች። ልጅቷ ምን አጠፋች?

ማቲ ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል ተናገረ።

"በዴሳ ላይ ጎበዝ ነሽ። እኔ እኮ አለቀልን ብዬ ነበር።"

ዱንያ ዞራ አየችው። "ታውቅ ነበር?"

"አይ ሲስተር! ሰባት ዓመት በዚህ መስመር ስሠራ? ቃሬዛው ገና ከበር ሲወጣ ነው ያወቅሁት።"

"ታዲያ ለምን ጫንክ?"

"አንቺ ስላለሽ ነዋ። የሹፌሮች ማኅበሩ ቢጠይቀኝ ሲስተር ግሉኮስ ይዛ ነበር እላለሁ። ተሳፋሪ ቢጠይቀኝ በሽተኛ ነው እላለሁ። የእነሱ እንባ እኔንም ያሳዝነኛል፤ እናቴን ከአርባ ምንጭ በምን እንዳመጣኋት እኔ ነኝ የማውቀው። የሞተ ተጎዳ፤ ቀሪው ይቸገራል።" እንጨቱን በመስኮት ወረወረ። "ስሚ፣ እንዲህ ያለ ነገር በሳምንት ሁለትም ሦስትም ያጋጥመኛል። ባለሙያ ስለሌላቸው እየመለስኳቸው ነው። በር ላይ ሰው ይዘው ሲያለቅሱ ማየት ሰለቸኝ። ከማገኘው ላይ አካፍልሻለሁ። ጋውንሽን ብቻ ይዘሽ ትመጫለሽ። ስልክሽን ስጪኝ።"

"ተማሪ ነኝ" አለች ዱንያ፣ ከልማድ። ከዚያ ከዛሬ ጀምሮ ተማሪም እንዳልሆነች ትዝ አላት።

ካርዷን ከኪሷ አወጣች። የመጨረሻው መስመር ባዶ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ይህችን መስመር ስትሞላ በሐሳቧ አይታለች፤ በምን ቀለም እንደምትጽፍ ሳይቀር አስባለች። አብረን እንጨርሳታለን ብለዋት ነበር አቶ ደግፌ። እሳቸው ጨረሱ። ካርዷን ለሁለት አጠፈችና ከቦይናው ጋር በእንሰት ቅጠሉ ውስጥ ከተተቻት።

ማቲ በአንድ እጁ መሪውን፣ በአንድ እጁ ስልኩን ይዞ ይጠብቃል። ዱንያ ቁጥሯን ነገረችው። መጨረሻው ላይ አንዷን ቁጥር አሳስታ ልትነግረው አሰበችና በር ላይ አባቱን ይዞ የቆመው ፀጋአብ በዓይኗ መጣባት፤ ትክክለኛውን ነገረችው።

"በማን ስም ልያዘው?" አለ ማቲ።

ሶዶ ከሩቅ ይታያል፤ የዳሞታ ተራራ ራስ ላይ ደመና ወርዶበታል። ዱንያ የጋውኗን ቁልፎች ከላይ እስከ ታች ቆለፈች።

"ሲስተር ዱንያ በለው" አለች።